የሴፕሲስ ታማሚን የሞት ስጋት ከደም ምርመራ እንዴት መገመት ይቻላል?

ሴፕሲስ ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ መስመር ስቶ የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባና ልብ መጉዳት ሲጀምር የሚከሰት ሕመም ነው። ታማሚው ምን ያህል እንደሚያሰጋ ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ የደም ምርመራው ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ቁጥሩ ወደ የት እየሄደ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ላክቴትን፣ ማለትም ሕዋሳት በቂ ኦክስጅን ሲያጡ ደም ውስጥ የሚበዛውን ንጥረ ነገር፣ ይመልከቱ። የጤነኛ ሰው ላክቴት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊሞል በሊትር አያልፍም። 4 ከደረሰ የደም ግፊቱ ደህና ቢመስልም እንኳ ስጋቱ ከባድ ነው። በ2016 የወጣው ሴፕሲስ-3 የተባለው ትርጓሜ፣ በቂ ፈሳሽ ከተሰጠው በኋላም ግፊቱን ለመጠበቅ መድኃኒት የሚያስፈልገውንና ላክቴቱ ከ2 በላይ የሆነውን ታማሚ ሴፕቲክ ሾክ ውስጥ ነው ይላል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ውስጥ ሆስፒታል ሳሉ የሚሞቱት ከ40 በመቶ በላይ ናቸው።

ቁጥሩን ከማመን በፊት ግን ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ይጠይቁ። ክንዱ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ከነበረ ወይም ናሙናው ሳይመረመር ከቆየ ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ቱቦ ውስጥ ሆነውም ላክቴት ማምረታቸውን አያቆሙምና። ናሙናው ወዲያው ካልተመረመረ በረዶ ላይ ይቀመጣል። አድሬናሊን፣ የጉበት ድካምና ከባድ የሰውነት መንቀጥቀጥም ላክቴትን ከፍ ያደርጋሉ። ከፍ ብሎ ከተገኘ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ምርመራው ይደገማል። በሕክምናው እየወረደ ከሆነ ተስፋ አለ፤ አልንቀሳቀስ ካለ ወይም ከጨመረ አሳሳቢ ነው።

ቀጥሎ የአካል ክፍሎችን ጉዳት ይቁጠሩ። ለዚህ የሚያገለግለው ሶፋ የተባለው መለኪያ ስድስት የአካል ክፍሎችን ይዞ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ከስድስቱ ሦስቱ ተራ በሚባሉ የደም ምርመራዎች ይለካሉ፦ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ሕዋሳት)፣ ቢሊሩቢን (የጉበትን ሁኔታ የሚያሳይ) እና ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳይ)። ለምሳሌ ፕሌትሌቱ 90 ሺህ የሆነ ታማሚ 2 ነጥብ፣ ክሬያቲኒኑ 2.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር በመሆኑ 2፣ ቢሊሩቢኑ 1.5 በመሆኑ ደግሞ 1 ነጥብ ያገኛል። አተነፋፈሱ፣ የደም ግፊቱና ንቃቱ ገና ሳይታዩ 5 ነጥብ ሞላ ማለት ነው። በኢንፌክሽኑ ምክንያት ነጥቡ ከቀድሞው በ2 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል። «ከቀድሞው» የሚለው ቃል መዘለል የለበትም፤ ኩላሊቱ ድሮም የደከመ ሰው ክሬያቲኒኑ ከፍ ያለው በሴፕሲስ ላይሆን ይችላል።

በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምረው ፕሮካልሲቶኒን የሚጠቅመው ቀናት ሲቆጠሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ውጤት ትልቅ መሆኑ ብቻውን ሞትን አይተነብይም። በአራተኛው ቀን ከመነሻው ከ80 በመቶ በላይ ካልወረደ ግን የሞት ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። ቁጥሩ ከ20 ተነስቶ 3 የደረሰለት ታማሚና 15 ላይ የቀረበት ታማሚ እኩል አይታዩም። ከባድ ቀዶ ሕክምናና የኩላሊት ድካምም ይህን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርጉ ይታወስ። የሰውነትን ብግነት የሚያሳየው ሲአርፒ የተባለው ምርመራ በየቦታው ይሠራል፤ ሞትን ለመተንበይ ግን ደካማ ነው፤ እኔ ብዙም አልመካበትም።

በመጨረሻ ሁሉንም በሰዓትና በቀን ደርድረው አንድ ገጽ ላይ ይጻፉ። ላክቴቱ እየወረደ ክሬያቲኒኑ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ላክቴቱን ብቻ አይቶ መረጋጋት አይገባም፤ የሽንቱ መጠን፣ አተነፋፈሱና ንቃቱ አብረው ይታያሉ። መቶኛዎቹም የብዙ ታማሚዎች ድምር እንጂ የአንድ ሰው ዕጣ አይደሉም። ስለዚህ ሕክምናን ለማቋረጥ ሳይሆን ማን ፅኑ ሕሙማን ክፍል እንደሚገባና ማን የቅርብ ክትትል እንደሚያስፈልገው ለመወሰን ይጠቅማሉ። ሾክ ውስጥ ላለ ታማሚ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ የትኛውም የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ተብሎ አይዘገይም።