የከረመ ቴኒስ ኤልቦ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ቴኒስ ኤልቦ (በክርን ውጭ በኩል ያለ የጅማት ህመም) ትናንት ለጀመራችሁ አይደለም። ሦስት ወር አልፎት፣ ማስታገሻ ተውጦለት፣ ቅባት ተቀብቶ አልለቅ ላለ ክርን ነው።

ምልክቱ፦ በክርን ውጭ በኩል ያለችው የአጥንት ጉብታ ሲጫኗት ታማለች። ጀበና አንስቶ መቅዳት፣ ፎጣ መጭመቅ፣ ቁልፍ ማዞር ይወጋል። ለማረጋገጥ እጃችሁን ጨብጡ፣ ወደ መሬት ድፉትና የእጅ አንጓውን ወደ ላይ አንሱ። ሌላ ሰው ወደ ታች ይጫነው። እዚያችው ጉብታ ላይ ከወጋችሁ እሱ ነው።

ጣት ከደነዘዘ ከአንገት የሚመጣ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል አንገት ይታይ። ክርን ከተቆለፈ ራጅ ተነሱ። ካበጠና ካተኮሰ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ።

መንስኤው፦ አንድ ነገር በጨበጥን ቁጥር አንጓን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች እዚያች ጉብታ ላይ በጅማት ተያይዘዋል። ጅማቱ ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ክሮቹ ይዛባሉ፣ ይዳከማሉ። የእብጠት ክኒን ይህንን አይጠግንም።

ባሕር ዳር ላይ ግንበኞችና ልብስ በእጅ የሚያጥቡ እናቶች ይመጡብኛል። ከሁሉ የሚበዙት ግን ሐይቁ ዳር ፊሌቶ የሚያወጡ ልጆች ናቸው። አንዱን ሥራ ላይ እያለ አየሁት። የሚያመው ቢላ የያዘው እጁ አይደለም፤ ቆሮሶውን (ዓሣውን) የጨበጠው ነው። ዓሣው ያዳልጣል፣ እሱ መዳፉን ደፍቶ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። በቁራጭ ጆንያ እንዲይዘው ነገርኩት። መንሸራተቱ ሲቀር ጭብጡም ላላ። መጀመሪያ የሚስተካከለው ይሄ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ የስቴሮይድ መርፌ። ያው ልጅ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ተወግቶ ነበር። ህመሙ ድራሹ ጠፋ። ገበያው ደርቷል፣ ከጧት እስከ ማታ ቆረጠ። ከፋሲካ በኋላ ሲኒ ማንሳት አቃተው። የእሱ ዕድል ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በ198 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መርፌን፣ ፊዚዮቴራፒን (በእጅና በስፖርት ማከምን) እና ዝም ብሎ መጠበቅን አወዳድሯል። በ6ኛው ሳምንት መርፌ በለጠ። ግን በመርፌ ከተሻላቸው 65 ሰዎች 47ቱ ተመልሶባቸዋል። በዓመቱ ፊዚዮቴራፒና መጠበቅ ተቀራረቡ፤ ፊዚዮቴራፒው ግን ቶሎ ያሻለ ነበር። ተወግታችሁ ከሆነ ህመሙ ጠፋ ብላችሁ ወደ ሥራ አትሩጡ። ጅማቱ አልዳነም!

በድምፅ ሞገድ የሚያክመው አልትራሳውንድ ማሽን ብቻውን ብዙም አያደርግም። ሾክዌቭ (ክርኑን በኃይለኛ የግፊት ሞገድ የሚመታው ማሽን) ውጤቱ የተደባለቀ ነው፣ ዋጋው ግን አይደባለቅም። ክርኑን በእጅ ማንቀሳቀስ ህመሙን ለጊዜው ያቀልና ቀጥሎ ለምነግራችሁ ስፖርት ያመቻል። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ግን አታስጠምዝዙት።

መፍትሄው ጅማቱን ቀስ በቀስ ማሠራት ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፣ እጃችሁ ከጠርዙ ይውጣ፣ መዳፍ ወደ ታች። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ ያዙ። በሌላው እጅ እየረዳችሁ አንሱት፣ ከዚያ በሚያመው እጅ ብቻ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ዝቅ አድርጉት። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየቀኑ። ትንሽ ማመሙ ችግር የለውም፤ በማግስቱ ከባሰ ግን ውኃውን ቀንሱ። ሲቀላችሁ ወደ አንድ ሊትር። ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በአምስተኛው ቀን «ምንም አልሰራልኝም» እያላችሁ አትደውሉ።

ማሰሪያ ከፈለጋችሁ ከጉብታው ሁለት ጣት ወረድ ብሎ ጡንቻው ላይ ይታሰር። አጥንቱ ላይ ያሰረ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ ላስቲኩ ቶሎ ይረግባል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ለሥራ ሰዓት ብቻ ነው፤ አስራችሁት አትተኙ፣ እጅ ከደነዘዘም ፍቱት።

ስድስት ወር በትክክል ሠርታችሁ ካልተለወጠ የአጥንት ሐኪም ይየው። ቀዶ ጥገና የሚደርሱት ጥቂት ናቸው።