በአዋቂነት የጀመረ ስኳር የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ከ30 ዓመት በኋላ ስኳር የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ምርመራ «ዓይነት 2» ይባልና ሜትፎርሚን ይታዘዝለታል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ልክ ነው። ሆኖም የሰውነት መከላከያ ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣው ዓይነት 1 በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። በሁለቱ መሐል ደግሞ ላዳ የሚባለው አለ፤ የሰውነት መከላከያ ቆሽትን ቀስ እያለ ስለሚጎዳ በመጀመሪያዎቹ ወራት በኪኒን ይያዛል። በብሪታንያ በዓይነት 2 ሕሙማን ላይ የተካሄደው ትልቁ ጥናት ከ100 አዲስ ሕሙማን በ10 ያህሉ ደም ውስጥ ጋድ የተባለውን አንቲቦዲ (መከላከያው ቆሽት ላይ መነሳቱን የሚያሳይ ፕሮቲን) አግኝቷል።

የጂን ምርመራ አድርጎ መገላገል የማይቻለው ጂኖቹ ስለሚጋሩ ነው። ከዓይነት 1 የዘር ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ ያለው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ባሉት የኤችኤልኤ ጂኖች ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ የታወቀው ቲሲኤፍ7ኤል2 ደግሞ ከተለመዱት የዓይነት 2 ጂኖች ዋነኛው ነው። ላዳ ከሁለቱም ወገን ይካፈላል፤ የጋድ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ዓይነት 1፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ ዓይነት 2 ይጠጋል። ኤችኤንኤፍ1ኤ የተባለው ጂንም እንዲሁ ነው፦ ከባድ ጉድለት ሲኖረው ብቻውን ሞዲ የተባለውን ስኳር ያመጣል፤ ቀለል ያለ ልዩነቱ ግን የዓይነት 2ን ዕድል ከፍ ከማድረግ አያልፍም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

1. የቤተሰቡን ታሪክ እስከ ሦስት ትውልድ ጻፉ። «አባቴም ስኳር ነበረው» አይበቃም፤ በስንት ዓመቱ ጀመረው? ያኔ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን? ኢንሱሊን መቼ ጀመረ? የታይሮይድ በሽታ ወይም ለምጽ ያለበት ዘመድ ካለ አብራችሁ መዝግቡ።

2. በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሽንት ውስጥ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ከስብ የሚወጣ አሲድ) ከታየ የምርመራ ውጤት አይጠበቅም፤ ኢንሱሊን ወዲያው ይጀመራል። ማስታወክ ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከተጨመረ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

3. ጋድ አንቲቦዲን አስመርምሩ። ካልተገኘ አይኤ-2 እና ዚንክ ትራንስፖርተር 8 የተባሉት ሌሎች አንቲቦዲዎች ይከተላሉ። የኢንሱሊን አንቲቦዲ ምርመራ መርፌ ከተጀመረ በኋላ ዋጋ የለውም፣ መርፌው ራሱ አንቲቦዲ ያስነሳልና። ዓይነት 2 በሚመስል ወፍራም ሰው ላይ ትንሽ ጋድ ብቻ ቢገኝ ውጤቱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ይደገም፤ ሁለተኛ አንቲቦዲ ከተጨመረ ግን ጥርጣሬው ያበቃል። አለመገኘቱም ዓይነት 1ን አይሽርም። በ2025 እ.ኤ.አ. ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዓይነት 1 ከተባሉት ወጣቶች ከ100ው 65ቱ አንቲቦዲ አልነበራቸውም።

4. ሲ-ፔፕታይድ ቆሽት ራሱ የሚያመርተውን ኢንሱሊን ይለካል፤ በተለይ ኢንሱሊን በመውሰድ ላይ ላለ ሰው ይጠቅማል። ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ደሙ ከተበላ በ5 ሰዓት ውስጥ ይቀዳ፤ የስኳር መጠኑም አብሮ ይለካ። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ቆሽት ዝም ስለሚል ሲ-ፔፕታይድ ያለአግባብ ዝቅ ይላል። ድንገተኛ የስኳር መጨመር ካጋጠመ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይታለፍ። ኩላሊት የደከመበት ሰው ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ላብራቶሪው ሩቅ ከሆነ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት፣ ክዳኑ ሐምራዊ የሆነ ቱቦ ይጠየቅ፤ በክፍል ሙቀት እስከ 24 ሰዓት ይቆያል።

ከ200 ፒኮሞል በሊትር (0.6 ናኖግራም በሚሊሊትር) በታች ወደ ዓይነት 1፣ ከ600 (1.8) በላይ ወደ ዓይነት 2 ያመለክታል። መሐል ላይ ከሆነ ከጊዜ በኋላ ይደገም። የመለኪያ አሃዱን ሳታዩ ቁጥሩን ብቻ አታነጻጽሩ፤ ላብራቶሪዎች በሁለቱም ይጽፋሉ።

5. የጂን ምርመራ የሚመጣው አሁን ነው፣ ያውም ሞዲን ለመፈለግ፦ አንቲቦዲ የለም፣ ሲ-ፔፕታይድ አልጠፋም፣ ስኳሩ የጀመረው ከ35 ዓመት በፊት ነው፣ ከወላጆቹ አንዱም ነበረበት። ጂሲኬ የተባለው ጂን ጉድለት ከሆነ የጾም ስኳር ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም በዴሲሊትር ላይ ይረጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም። የኤችኤንኤፍ1ኤ ከሆነ ግሊቤንክላሚድ የተባለው ኪኒን በትንሽ መጠን በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለዓመታት ኢንሱሊን የተወጋ ሰው በሐኪም ክትትል ወደ ኪኒን የሚመለስበት ጊዜ አለ። ከጂን ተነስተው የዓይነት 1 ተጋላጭነት ነጥብ የሚሰጡ የምራቅ ምርመራዎች በብዛት የተሠሩት በአውሮፓውያን ጂን ላይ ስለሆነ ለአፍሪካዊ ትክክለኛነታቸው ሊቀንስ ይችላል።

6. መድኃኒቱን ከውጤቱ ጋር አስተያዩ። ላዳ ከተረጋገጠ ግሊቤንክላሚድ አይመከርም። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ደግሞ ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ኬቶን ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ሐኪሙ የጋድ ውጤቱን አይቶ ይወስን። ኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው «ዓይነት 2 ነህ» ስለተባለ ብቻ መርፌውን በራሱ አያቁም።