የሆድ አልትራሳውንድ ስትለማመዱ ሐሞት ከረጢቱን እስከ አንገቱ እንዴት ማየት እንደሚቻል

መጀመሪያ ታካሚው መቼ እንደበላ ጠይቁ። ቢያንስ 6 ሰዓት ካልጾመ ሐሞት ከረጢቱ ተሸብሽቦ ይጠብቃችኋል፤ የአንጀት አየሩም ቆሽትን ይጋርዳል። ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለው ኮንቬክስ ፕሮብ (ፊቱ ጎበጥ ያለው፣ ሆድ ላይ የምናስቀምጠው መሣሪያ) ይበቃል። ጄል አትሰስቱ። ምስሉ ሲደበዝዝ ብዙ ተማሪ ፕሮቡን ይጫናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ግን ጄል ነው።

የፕሮቡ ምልክት በቁመት ስታዩ ወደ ራስ፣ በአግድም ስታዩ ወደ ታካሚው ቀኝ ይሁን። ጉበትን ዲያፍራሙ (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) እስኪታይ ድረስ እዩ።

አሁን ሐሞት ከረጢቱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ተለማማጅ ሳለሁ ቀኝ ጎናቸውን የሚያማቸው እናት መጡ። በጀርባቸው አስተኝቼ አየሁ። ከረጢቱ ጥቁርና ንጹሕ፣ ግድግዳው ከ3 ሚሊሜትር በታች። «ጠጠር የለም» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ መጡና «እስቲ እናቴ፣ ወደ ግራ ጎንዎ ይዙሩ» አሏቸው። ከከረጢቱ አንገት፣ ከጠባቡ ጫፍ በኩል አንዲት ነጭ ፍሬ ተንከባልላ ወረደች፤ ከኋላዋ ጥቁር ጥላ ይከተላታል። የእኔ ሪፖርት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እናትየዋ ከነሕመማቸው ወደ ቤት ይመለሱ ነበር።

ታካሚው በጀርባው ሲተኛ ጠጠሩ አንገቱ ጋ ይደበቃል። የአንገቱ እጥፋትም የራሱን ጥላ ስለሚጥል ያሳስታል። ስለዚህ «አየር ወደ ውስጥ ይሳቡና ይያዙ» በሉ፤ ከረጢቱ ከጎድን ሥር ይወርድላችኋል። («ይተንፍሱ» ማለትን አትርሱ፤ እኛ ስክሪኑ ላይ ስናፈጥ ታካሚው ይታፈናል።) ፕሮቡን አሽከርክራችሁ ከረጢቱን በቁመቱ አግኙት። ከዚያ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ፕሮቡን ብቻ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፤ ከረጢቱ በሁለቱም በኩል እስኪጠፋ። ማንሸራተትና ማዘንበልን አንድ ላይ ከቀላቀላችሁ የት እንዳላችሁ ይጠፋባችኋል። በአግድምም እንዲሁ፣ ከታችኛው ጫፍ እስከ አንገቱ። በመጨረሻ ታካሚውን ወደ ግራ አዙራችሁ ድገሙት። ሁሌም፣ ንጹሕ ቢመስልም።

ነጩ ነገር ጥላ ኖሮት ከተንቀሳቀሰ ጠጠር ነው። ጥላም ከሌለው፣ ካልተንቀሳቀሰም፣ ፖሊፕ (ከግድግዳው ላይ የበቀለ እብጠት) ሊሆን ይችላል። ጥላ እያለው አንገቱ ላይ ከተቀረቀረ ወዲያው ለአስተማሪያችሁ ተናገሩ። ማሽኑ የምስሉን ብሩህነት (ጌይን) በራሱ የሚያስተካክልበትን አውቶ ጌይን ብዙም አላምነውም። ጌይን ሲበዛ ንጹሕ ሐሞት ዝቃጭ ያለበት ይመስላል፤ በእጃችሁ አስተካክሉት።

ቀኝ ኩላሊት በጉበት በኩል በቀላሉ ይታያል። ለጣፊያና ለግራ ኩላሊት ግን የእጃችሁ ጀርባ አልጋውን እስኪነካ ወደ ኋላ ውረዱ። ቆሽት በአየር ከተጋረደ «በደንብ አልታየም» ብላችሁ ጻፉ፤ «ደህና ነው» አትበሉ።