ጣቢያ ሲገቡ፦ ሰዓቱን ያዙ፣ ቃሉን አንብቡ

ፖሊስ «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብሎ ሲወስድ ሰው ሰዓቱን ማየት ይዘነጋል። ኋላ ብዙው ክርክር የሚንጠለጠለው ግን በዚያች ሰዓት ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ አግባብ ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይቆጠራሉ። አርብ ከቀኑ 11 ሰዓት የተያዘ ሰው ጊዜው የሚያበቃው እሁድ 11 ሰዓት ነው። «ሰኞ ችሎት ሲከፈት» ቢሏችሁ ተረኛ ችሎት ጠይቁ።

ስልካችሁን ሳታስረክቡ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የጣቢያውን ስም ለቤተሰብ ንገሩ። የተጠረጠራችሁበትን ምክንያት በሚገባችሁ ቋንቋ ማወቅ መብታችሁ ነው። የመያዣ ትእዛዝም ጠይቁ፤ ከሌለ ግን አትታገሉ። እጅ ከፍንጅ እንደመያዝ ያለ ትእዛዝ የሚያዝበት ሁኔታ አለ፤ ግብግቡ ደግሞ ሌላ ክስ ይወልዳል። ተቃውሞውን ለዳኛው አቆዩት።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ቃል ሲሰጥ ነው። ዝም የማለት መብት አላችሁ፦ «ጠበቃዬን ሳላማክር ቃል አልሰጥም» በሉና ይኸው እንዲጻፍ ጠይቁ። ከተናገራችሁ ግን መርማሪው በራሱ አነጋገር እንደሚያሳጥረው እወቁ። «አምኖ ሰጥቶኝ ነው የወሰድኩት» ያላችሁት «ንብረቱን ወስጃለሁ» ተብሎ ከተጻፈ ስርቆት የሚመስል ነገር ፈርማችኋል ማለት ነው። እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ፣ ስህተቱን አሰርዛችሁ አስተካክሉ፣ ክፍት በተተወ መስመር ላይ ሰረዝ አስምሩ፣ ከዚያ ፈርሙ። አላስተካክልም ከተባላችሁ አትፈርሙ። አማርኛ የማያነብ ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ።

ችሎት ፊት ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ (እናንተን አስሮ ምርመራውን የሚቀጥልበት ተጨማሪ ቀን) ሲጠይቅ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። በልዩ ሕግ የሚታዩ ጉዳዮችና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ለብቻቸው ናቸው። «የትኛው ምስክር ቀረ? እስካሁን ምን ተሠራ?» ብላችሁ ተከራከሩ፤ ዋስትናም ጠይቁ። ተደብድባችሁ ከሆነ ምልክቱ ሳይጠፋ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛው አሳዩ፤ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርና ሐኪም እንዲያያችሁ አመልክቱ።

ቤት ሲፈተሽ የብርበራ ትእዛዙ የሚፈለገውን ነገር መጥቀስ አለበት፤ ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራው የሚደረገው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። ጎረቤት ጥሩና ይመልከት። የተወሰደው ዕቃ አንድ በአንድ ይዘርዘር፤ «አንድ ስልክ» ብቻ ሳይሆን ዓይነቱ፣ ቀለሙ፣ ያለው ስንጥቅ ጭምር።

48 ሰዓቱ አልፎ ካልቀረባችሁ፣ ቤተሰብ የያዘውን ሰዓት ጠቅሶ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚጠየቅበትን ማመልከቻ፣ ለፍርድ ቤት ያስገባል።