ኤስኤስዲ ተገጥሞለትም ኮምፒውተርዎ ሲከፈት ይንቀራፈፋል? እነዚህን ስህተቶች ያስወግዱ

ሀርድ ዲስካቸውን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን የፋይል ማከማቻ የቀየሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ኮምፒውተሩ ወዲያው ይከፈት ነበር፤ አሁን ግን ደቂቃዎች ያስጠብቃል። ጥፋቱ ሁሉ ኤስኤስዲው ላይ ይላከካል። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ደህናውን ዕቃ መቀየር ገንዘብ ያስወጣል፤ በችኮላ ፎርማት ማድረግ (ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን) ደግሞ ፋይል ያስጠፋል።

ትልቁ ስህተት የቱ ጋ እንደሚዘገይ ሳይለዩ መነካካት ነው። ሲያበሩት ዝም ብለው ይመልከቱት። የምትሽከረከር ክብ ሳትታይ የአምራቹ አርማ ላይ ብዙ ከቆየ ዊንዶውስ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ስለዚህ ፎርማት ማድረጉ አይጠቅምም። የምትሽከረከረዋ ክብ ላይ ከቆየ ዊንዶውሱ ወይም ድራይቨሮቹ (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኙት ፕሮግራሞች) ይጠረጠራሉ። የይለፍ ቃል ካስገቡ በኋላ ከሆነ የሚያጓትቱት አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ናቸው። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። የስታርትአፕ ገጽ ላይ፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች፣ «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል ቁጥር አለ። ከዊንዶውስ በፊት የባከነው ጊዜ እሱ ነው። 30 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ካለ ችግሩን ከዊንዶውስ ውጭ ይፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ነው። ለፊልምና ለፎቶ ማስቀመጫ ይሁን ተብሎ እዚያው ማሽን ውስጥ ይተዋል፤ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ በሲዲ ማጫወቻው ቦታ ይገጠማል። ያ ዲስክ መዳከም ከጀመረ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መልሱን ይጠብቃል፤ ኤስኤስዲው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ለውጥ የለውም። ማሽኑን አጥፍተው አሮጌውን ዲስክ ይንቀሉና ይሞክሩ። በፍጥነት ከተከፈተ ጥፋተኛው ተገኘ። ጭራሽ አልነሳም ካለም አይደንግጡ። ዊንዶውስ ሲጫን የማስነሻ ፋይሎቹ አሮጌው ዲስክ ላይ ቀርተው ሊሆን ይችላል። መልሰው ይግጠሙት። ወደፊት ዊንዶውስ ሲያስጭኑ ግን ከኤስኤስዲው በስተቀር ሌላው ዲስክ ሁሉ እንዲነቀል ይንገሩ። ባለሙያዎችም ይህን ይዘነጉታል።

ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የማስነሻ ቅደም ተከተሉንም ይዩ። ኔትወርክ ወይም ፍላሽ ከኤስኤስዲው ቀድሞ ከተቀመጠ ማሽኑ መጀመሪያ እነሱን ሲፈልግ ይቆያል። ቅደም ተከተሉን አስተካክለውት ተመልሶ ከተበላሸ፣ ሰዓትና ቀኑም አብሮ የሚዛባ ከሆነ፣ የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ባትሪ አልቋል። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ችግሩ ጎልቶ ይታያል፤ ባትሪዋ ከደከመች ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ቅንብሩ ይጠፋል።

ሌላው ስህተት «አጥፍቼ አበራሁት» ብሎ መተማመን ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለ። ሻት ዳውን ሲሉ የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ ይመልሳል። የተበላሸ ድራይቨር ካለ ችግሩ አብሮ ይመለሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ያስነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሪስታርት ያድርጉ። ሪስታርት ሲደረግ ደህና እየሆነ፣ አጥፍተው ሲያበሩት ብቻ የሚዘገይ ከሆነ፣ ከኮንትሮል ፓነል የፓወር ቅንብር ውስጥ ገብተው ፋስት ስታርትአፕን ያጥፉት።

አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን ሲቀንሱ ደግሞ ሁሉንም አይዝጉ። ቴሌግራም፣ ቲምስ፣ የጨዋታ ማስጀመሪያዎች ሲያስፈልጉ ይከፈታሉ። አንቲቫይረሱን፣ የድምፅና የታችፓድ ድራይቨሮችን ግን አይንኩ። ሁለት አንቲቫይረስ ጭነው ከሆነ አንዱን ያስወጡ፤ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ማሽኑን ያዘገያሉ።

ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን ዲስኩ ላይ መልሶ መደርደር) አያድርጉ። ለኤስኤስዲ አይጠቅምም፤ በከንቱ ያስጽፈዋል። ዊንዶውስ ራሱ በየጊዜው ትሪም የሚባለውን ማጽጃ ያካሂዳል። «ኤምኤስኮንፊግ (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) ውስጥ የፕሮሰሰር ቁጥር ጨምሩ» የሚለውን ምክርም ይተዉት፤ ዊንዶውስ ያሉትን ሁሉ ድሮም ይጠቀማል።

128 ጊጋ ኤስኤስዲ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ጢም ብሎ ሲሞላ መጻፍ ይከብደዋል፣ በተለይ ርካሾቹ። ቢያንስ 15 በመቶ ባዶ ይተዉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተለወጠ የኤስኤስዲውን ጤና ይመርምሩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ሰማያዊ ደህና ነው፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ አደጋ። ቢጫ ካዩ ፎርማቱን ይተዉና ፋይልዎን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ኤስኤስዲ እንደ ሀርድ ዲስክ ቀድሞ የማንኳኳት ድምፅ ሳያሰማ በድንገት ሊሞት ይችላል፤ ከሞተ በኋላ ፋይል ማውጣቱም እጅግ ይከብዳል።