ለልጃችሁ ልብ ወለድ ከመስጠታችሁ በፊት
መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡት። ሽፋኑን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። እኔ ሰሞኑን ለ13 ዓመቷ ልጄ ብዬ ሦስት ልብ ወለዶች ጨረስኩ። ሁለቱን መልሼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ አዋቂ ብቅ እያለ ይመክራል፣ ልጅ ደግሞ ምክር ሲሸተው መጽሐፉን ይዘጋል።

ሦስተኛው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ነው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው። ቋንቋው ይከብዳል። ግን መንትያ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትወጣ ልጅ ታሪክ ስለሆነ በጣም ይይዛል፣ እኔ ወድጄዋለሁ።

እንዲህ አድርጉ። ማታ የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠና ጋቢ ደርባችሁ አብራችሁ ተቀመጡና አንድ ገጽ እናንተ፣ አንድ ገጽ እሷ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የከበደ ቃል ሲገጥማችሁ በእርሳስ አስምሩበት፣ ንባቡን ግን አታቋርጡ። ሲያልቅ «ምን ተማርሽ?» አትበሉ። «አንቺ ብትሆኚ ትሄጂ ነበር?» በሏት። የኔዋ ከጋቢዋ ቀና ብላ «ፀጉሬንስ የት እደብቀዋለሁ?» አለችኝ። ያን ማታ እስከ አራት ሰዓት ስናወራ አመሸን።