በልጆች የደም ሥር ብግነት ላይ የአንቲቦዲ ምርመራን መቼ ማዘዝ፣ እንዴትስ ማንበብ ይገባል?

እግሩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ የወጣበት ወይም ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ወደ ሕክምና ሲመጣ፣ አንዳንድ ጊዜ ገና ልብሱ ሳይወልቅ የኤኤንኤ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ኤኤንኤ ሰውነት በገዛ ሕዋሱ ኒውክሊየስ ላይ ያመረተውን አንቲቦዲ (በተለምዶ ተዋስያንን የሚከላከል ፕሮቲን) የሚፈልግ ምርመራ ሲሆን፣ በጤነኛ ልጆችም ደም ውስጥ በዝቅተኛ መጠን ስለሚገኝ፣ ሌላ ምልክት በሌለበት «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻውን ሉፐስ (የመከላከያ ሥርዓት የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ) አያሰኝም።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ሥር ብግነት፣ ቀድሞ ሄኖክ ሾንላይን ፐርፑራ ይባል የነበረው፣ ኢሙኖግሎቡሊን ኤ የተባለ የአንቲቦዲ ዓይነት በትናንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ሲከማች የሚመጣ ነው። ይህን በሽታ የሚያረጋግጥ የአንቲቦዲ ምርመራ ስለሌለ ዋናው ሥራ የዓይንና የእጅ ነው። ነጠብጣቡ በመስታወት ብርጭቆ ሲጫኑት ቀለሙ የማይጠፋ፣ በጣት ሲዳሰስም ከቆዳው ከፍ ያለ መሆኑ፣ እንዲሁም በእግርና በመቀመጫ ላይ መብዛቱ ይታያል። በዚያው ዕለት የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) ቁጥር ይለካ፤ ካነሰ ሌላ መንስኤ መፈለግ ግድ ነው። ብርቱ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ፣ አንጀት በአንጀት ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ልጁ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ከዚህ በኋላ የሚያሳስበው ኩላሊት ነው። ሽፍታው ጠፍቶ፣ ልጁ እየሮጠ እየተጫወተ ሳለ ኩላሊቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሽንቱ ለደምና ለፕሮቲን፣ ክንዱም ለደም ግፊት በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያም እየተራራቀ ቢያንስ እስከ 6 ወር ይመርመር። ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ገና ከጅምሩ መስጠት የኩላሊት ጉዳትን እንደማይከላከል በጥናት ስለታየ፣ ለዚህ ሲባል ብቻ መታዘዝ የለበትም።

መገጣጠሚያው በቆየ ብግነት ያበጠ ልጅ ግን ኤኤንኤ ይሠራለት፤ ጥቅሙም በሽታውን ለመለየት ሳይሆን ሕመምም መቅላትም የሌለው የዓይን ውስጥ ብግነት ስጋቱን ለመገመት ነው። ፖዘቲቭ የሆነ ትንሽ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 ወሩ በዓይን ሐኪም ይታይ።

በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የተመረተ አንቲቦዲን የሚፈልገው አንካ የተባለው ምርመራ የሚታዘዘው የአፍንጫ መድማት ሲደጋገም፣ ሳል ደም ሲቀላቅል ወይም የኩላሊትን መድከም የሚጠቁመው ክሬአቲኒን በደም ውስጥ ሲጨምር ነው፤ ፖዘቲቭ ከሆነም ፒአር3 እና ኤምፒኦ የተባሉት የአንካ ዓይነቶች ተለይተው ይለኩ። ትኩሳቱ 5 ቀን ያለፈ፣ ዓይኑና ከንፈሩ የቀላ ሕፃን ግን ካዋሳኪ (የልብን ደም ሥሮች ሊጎዳ የሚችል የደም ሥር ብግነት) ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛውም የአንቲቦዲ ውጤት ሳይጠበቅ የልብ አልትራሳውንድ ይነሣ፤ በደም ሥር የሚሰጠው የኢሙኖግሎቡሊን መድኃኒትም ትኩሳቱ በጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ይሰጠው።